ፎቶው የኔ፣ ፊቱ የእሳቸው

ፎቶ አንሺው በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚጠላው ነገር ቢኖር ያነሳውን ፎቶ ሳያስፈቅድ የሚወስድ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራባት ፎቶ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ጎን ናት። በሩ ላይ «የተሰቀሉትን ፎቶዎች በስልክ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ኢንተርኔት ገጹ ላይ በሚያወጣቸው ፎቶዎች ሁሉ ደግሞ የፎቶ ቤቱን ስም በትልቁ ይጽፍባቸዋል፣ ያውም መሀል ላይ። አንዲት ሙሽራ «ያገባኝ እሱ፣ ስሙን አገጬ ላይ የጻፈው አንተ!» ብላ አኩርፋ ወጥታለች። እሱ ግን ወይ ፍንክች! አንድ ፀጉር አስተካካይ ከገጹ ያገኘውን የጎረምሳ ፎቶ መስኮቱ ላይ ቢለጥፍ፣ ሄዶ እስኪቀደድ ድረስ ከደጁ አልተነቃነቀም።

«ኢንተርኔት ላይ አግኝቼው እኮ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ የሜዳ ሳር መሰለህ?» ብሎ ጮኸበት።

አንድ ቀን ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ነርስ ፈገግ ብላ ገባች።

«እማማ እንኳን ዳኑ! ጉልበታቸውን ያማቸው እንደነበር እኮ አላውቅም።»

እማማ የምትላቸው አማቱን ነው። ስልኳን አቀበለችው። የጉልበት ቅባት ማስታወቂያ ነው፤ ላዩ ላይ አማቱ ፈገግ ብለዋል። ከሥራቸው «ሃያ ዓመት ተሰቃየሁ። ይህን ቅባት በተቀባሁ በሦስት ሳምንት የልጅ ልጄን አዝዬ ደረጃ መውጣት ጀመርኩ» ይላል፤ ዝቅ ብሎም «ጡረተኛ መምህርት» ተብሏል። አማቱ አንድም ቀን አስተምረው አያውቁም፤ ጡረታ የወጡት ሠላሳ ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርተው ነው። ጉልበታቸውም የፎቶ ቤቱን ደረጃ ከአማቻቸው ቀድሞ ይጨርሳል። የልጅ ልጅ የተባለውም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጢሙን በሳምንት ሁለቴ የሚላጭ።

ፎቶ አንሺው ግን ዓይኑ የሄደው ወደ አገጫቸው ነበር።

«ስሜን አጥፍተውታል!» አለ። «አየሽ? ከአገጫቸው ላይ ስሜን ፍቀው አጥፍተውታል!»

ቤት ሄዶ ሲያሳያቸው አማቱ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እንዲህ አምሮብኝ ነበር እንዴ? መምህርትነቱንማ ባገኘሁት!» አሉ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ከባሏ ጎን ተቀምጣ ማስታወቂያውም የእሱ ገጽም ያሉበትን ድረ ገጽ የቅሬታ ቅጽ ከፈተች። ቅጹ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቅሬታ አቅራቢው የሥራው ባለቤት ነው ወይስ ፎቶው ላይ ያለው ሰው?

«ፎቶው ላይ ያለው ሰው በል» አለች ሚስቱ። «የእናቴ ፊት እኮ ነው።»

«ፎቶው የኔ ነው።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱ የእሳቸው ነው። ፎቶው ግን የኔ ነው። ብርሃኑን ያስተካከልኩት እኔ፣ ፈገግ ይበሉ ያልኩት እኔ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አማቱ። «እኔ እንኳን ፈገግ የማለት ሐሳብ አልነበረኝም።»

እሱም «የሥራው ባለቤት» የሚለውን ነካ። ማስረጃ እንዲሆን ፎቶውን ሳይቆራረጥ እንዳለ ላከ፤ አማቱ ወንበር ላይ፣ ከበስተኋላቸው ነጭ የድንጋይ ደረጃና በጽጌረዳ የተሞላ አትክልት ቦታ። መጋረጃ ነው እንጂ አትክልት ቦታ አይደለም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጨርቅ ላይ ያሳተመው ሲሆን፣ ግማሹ ሰፈር ፊቱ ተቀምጦ ተነስቷል።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ቅሬታ የሚያየው የድረ ገጹ ማሽን የተላከለትን ፎቶ መርምሮ፣ አማቱን ሳይሆን ጽጌረዳውን አውቆታል። ጽጌረዳው ባለቤት አለው። ማሽኑ በዚያው የፎቶ አንሺውን ገጽ ቢፈትሽ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ፎቶ ላይ ያው ደረጃ፣ ያው ጽጌረዳ። «የሌላ ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ በተደጋጋሚ ስለተጠቀሙ ገጽዎ ተዘግቷል» ይላል ደብዳቤው። ቅባት ሻጮቹ ግን የቆረጡት የአማቱን ፊት ብቻ ስለሆነ ማስታወቂያው ላይ አንድም ጽጌረዳ የለም። ምንም አልተነኩም።

«መጋረጃውን ከየት ነው ያመጣኸው?» ብላ ጠየቀች ሚስቱ።

ፎቶ አንሺው «ኢንተርኔት ላይ አግኝቼው ነው» አለ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!» ብላ ተነስታ ወጣች።

ለሁለት ቀን ያህል ደንበኛ ሲመጣ መጋረጃውን ጠቅልሎ በባዶ ግድግዳ ያነሳል፤ «አትክልት ቦታው የት ሄደ?» ሲሉት «እድሳት ላይ ነው» ይላል።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው በሦስተኛው ቀን ነው። አማቱ ቤት በስተጀርባ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ዕድሜ ልኳን የእግር መኪና ስትረግጥ ኖራ ጉልበቷ አልቋል። ያን ዕለት እያነከሰች መጥታ ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። ሁለቱም ጉልበቶቿ ላይ ቆዳው ተልጦ ውሃ ቋጥሯል።

«እትዬ፣ ለእርስዎ የሠራ እኔን ለምን አቃጠለኝ?» አለች። «እንዲያውም ይህን መድኃኒት አግኝተው ለምን ደበቁኝ ብዬ ተቀይሜዎት ነበር።»

አማቱ ልብስ ሰፊዋን ራሳቸው ሐኪም ቤት ወስደው፣ ቁስሉ ታጥቦ እስኪታሸግ አጠገቧ ቆዩ። ከዚያ በቀጥታ ፎቶ ቤቱ ደረጃ ላይ ሲወጡ ተሰሙ።

«ሠላሳ ዓመት የስንቱ ሰው ምስጢር በዚህ ጆሮዬ ሲያልፍ አንዲት ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም» አሉ። «አሁን ፊቴ እኔን ጥሎ ወጥቶ ይዋሻል። ልጄ፣ የፎቶውን ባለቤት ተወውና እኔን ቅረጸኝ።»

ሚስቱ ስልኳን ያዘች፣ እሱ መብራቱን አስተካከለ። ፈገግ ይበሉ ለማለት ግን አልደፈረም። አማቱ ያንን ማስታወቂያ በወረቀት አሳትመው በእጃቸው ይዘው ነበር። «ይህች እኔ ነኝ። መምህርት አይደለሁም። ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ይህን ቅባት በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አንዲት ጎረቤቴ ፊቴን አምና ተቀብታ ቆዳዋ ተልጧል» አሉ። ከዚያም ለማረጋገጫ ደረጃውን ወርደው ወጡ፤ ትንፋሻቸው እንኳን አልተቆራረጠም።

ሚስቱ በራሷ ገጽ ያወጣችውን ቪዲዮ በሁለት ቀን ሃያ ስምንት ሺህ ሰው አየው። በሦስተኛው ቀን ጠፋ። በቦታው ላይ «የፎቶው ባለቤት ባቀረቡት የቅጂ መብት ቅሬታ ተነስቷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ።

«የቱ ፎቶ?» አሉ አማቱ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው። በእጅዎ የያዙት።»

«ባለቤቱስ ማን ሆነና?»

ሚስቱ ደጋግማ አነበበችው። «ቅባቱ» አለች።

«በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼኔ ነው!» አሉ።

ፎቶ አንሺው ከተቀመጠበት ተነስቶ ኮምፒውተሩን ለሚስቱ ለቀቀላት። ያንኑ ቅጽ ከፈተች፤ በዚህኛው ዙር የነካችው «ፎቶው ላይ ያለው ሰው እኔ ነኝ» የሚለውን ነው። ማሽኑ የአማቱን መታወቂያ ጠየቀ፣ ተላከለት። ፊታቸውን ወደ ካሜራው ቀና፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እንዲያደርጉ ጠየቀ፣ አደረጉ። ሁሉም በስምንት ደቂቃ አለቀ። በአራተኛው ቀን ማስታወቂያው ወረደ፤ ቪዲዮውም ተመለሰ። ፎቶ አንሺው ደስ ብሎታል፣ መደሰቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ፎቶውን ያነሳው ማነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው፣ አንድም ማሽን አለመኖሩ ከነከነው።

ቅባቱ አልሞተም። በሳምንቱ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ ፊት ይዞ፣ «ጡረተኛ አብራሪ» ሆኖ ብቅ አለ። አማቱ ከሥሩ ጻፉበት፦ «ወንድሜ፣ ይህን ካዩ ይህ ፊት የእርስዎ መሆኑን ብቻ ይናገሩ። ቅጹን አብረን እንሞላለን።» የልብስ ሰፊዋ ቁስል ጠገገ፤ ጉልበቷን ማመሙ ግን እንደ ድሮው ቀጠለ።

የቀረው የፎቶ ቤቱ ገጽ ነበር። ገጹ እንዲከፈት የአትክልት ቦታው ፎቶ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አድራሻዋ ደብዳቤው ግርጌ ላይ አለ፤ ሩቅ አገር ያለች ሴት ናት። ፎቶ አንሺው አንድ ሙሉ ገጽ የሕግ ሰው የጻፈው የሚመስል ደብዳቤ አዘጋጀ፤ «ቅን ልቦና» የሚል ቃል አራት ጊዜ አለበት። ሚስቱ አንብባ ቀደደችው። በመጨረሻ በስልኩ እያስተረጎመ ሦስት መስመር ጻፈ፦ «ሳላውቅ ሰርቄዎታለሁ። ለራሴ ፎቶ ስጮህ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አላወቅሁም ማለቱም ያሳፍረኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

መልሱ በዐሥረኛው ቀን መጣ። አትክልት ቦታው የአባቷ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ቤቱ ተሽጦ ፈርሷል፤ ዛሬ ቦታው ላይ መኪና ይቆምበታል። «ጽጌረዳው ከደረቀ በኋላ እንኳን ይህን ያህል ሰው አጠገቡ ተቀምጦ መነሳቱ ደስ ብሎኛል» ብላለች። «ፈቅጃለሁ። ከቻሉ ግን የተቀመጡትን ሰዎች ላኩልኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ።»

ፎቶ አንሺው አራት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም መርጦ «ላክ» የሚለውን ሊጫን ሲል እጁ ቆመ። ደብተር አወጣ፣ ስም ዘረዘረ፣ ኮቱን ለበሰ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቤቱና በየሱቁ ዞረ። አንዳንዱ «ይህንን ለመጠየቅ ነው የመጣኸው?» ብሎ ሳቀበት። አንዳንዱ ሻይ ጋበዘው። አንድ ባልና ሚስት ከተፋቱ ስድስት ዓመታቸው ስለሆነ፣ እሷ ፈቅዳ እሱ ከለከለ። አንድ ነጋዴ «ያኔ ወፍሬ ነበር፣ እንደገና አንሳኝ» አለ። እንቢ ያለውን ሁሉ ሳይከራከር በደብተሩ ላይ ሰረዘ።

አማቱ ዘንድ የደረሰው በመጨረሻ ነው። ጉዳዩን ከዳር እስከ ዳር አስረዳቸው።

«ሴትዮዋ ምን ትመስላለች?» አሉ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«እሷ እኔን ልታይ፣ እኔ እሷን ሳላይ? አይሆንም። መጀመሪያ የራሷን ትላክ።»

ይህንንም ጻፈላት። በማግስቱ ፎቶ መጣ፤ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ የውሃ ጎማ በእጇ ይዛ። አማቱ ስልኩን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው፣ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥሩ ሰው ትመስላለች» አሉ። «ላክላት።»