ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ሠሩ?

ቤተሰቡ ልጅቱን «መርማሪዋ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ገና አፏን ሳትፈታ፣ የግድግዳ ሰዓት አውርዳ ሆዱን የከፈተች ዕለት ነው። አፏን ከፈታች በኋላማ ምኑ ይነገራል፤ ይሄ ምንድነው፣ ለምንድነው፣ ከየት መጣ ስትል አድጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች። አሁን ግን ጥያቄው ዞሮ እሷው ላይ መጣ። ትምህርት ቤቱ አንድ ቅጽ ሰጥቷታል። ቅጹ ላይ «የምትማሪው ሙያ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ትምህርት ቤቱ ካዘጋጀው የሙያ ዐውደ ርዕይ አዳራሽ ሳትወጣ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሞልታ ለመምህሯ ማስረከብ አለባት። አንዴ ካስረከበች መቀየር የለም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኛ በሚበዛበት በቅዳሜ ቀን ሱቁን ዘግቶ አብሯት መጣ፤ ከመጣደፉ የተነሳ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የወጣው። ልጁ ሐኪም እንድትሆን ይፈልጋል። ለእሷ በአፉ ብሏት አያውቅም፤ ለደንበኞቹ ሲነግር ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

አዳራሹ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ነው። ወለሉ ላይ የባንኩ፣ የሕጉ፣ የኮምፒውተሩ፣ የሕክምናው ጠረጴዛ ተደርድሯል። ሁሉም ጋ ወረቀት ይታደላል፣ ሁሉም ጋ ፈገግታ በሽ በሽ ነው። መርማሪዋ ከቤቷ አንዲት ጥያቄ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ለሁሉም እሷኑ ትጠይቃለች።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ሠሩ?»

የባንኩ ሰው «ዘርፋችን ሰፊ ዕድል ያለው...» ብሎ ጀመረ።

«እሱን አይደለም፤ ትናንት» አለችው።

ሰውየው አሰበ፣ አሰበና «ስብሰባ» አለ። የሕግ ባለሙያዋ አንድ ፋይል ስትፈልግ ውላ እንዳላገኘችው ነገረቻት። የኮምፒውተሩ ልጅ ደግሞ ትናንትም ከትናንት በስቲያም አንዲት የፕሮግራም ስህተት ሲያሳድድ ነው የዋለው፤ አሁንም እሷኑ እያሰበ ይመስላል። እነዚህን ሁለቱን ወደደቻቸው፤ ቢያንስ እውነቱን ተናገሩ።

አባቷ ግን የራሱ ዘዴ ነበረው።

«ሰው ስለ ሥራው ሲያወራ ጆሮሽን አትስጪው» አላት በሹክሹክታ። «ልብሱን እዪ። የባንኩ ሰውዬ ኮት ክርኑ ላይ ነትቧል፤ ጠረጴዛ ተደግፎ ነው የሚውለው። የሕጓ ሴትዮ ቀኝ ትከሻዋ ወርዷል፤ ከባድ ቦርሳ ነው።»

«የኮምፒውተሩስ?»

«የእሱ የነተበበትን ቦታ ሰው ፊት አልነግርሽም።»

መርማሪዋ ሳቀች። አባቷን እንዲህ ሲሆን ነው አብልጣ የምትወደው።

የሕክምናው ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ አባት ስለ ልብስ ማውራቱን ተወ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ኪሱ ከተተ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሐኪሟ ድካም ቢታይባትም ጥያቄውን በደስታ መለሰች።

«ትናንት ከሰዓት ሃያ ስምንት ሰው አየሁ» አለቻት። «አንዲት እናት ግን እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣችም።»

መርማሪዋ ሴትዮዋን ከልቧ አከበረቻት። ቀጥላ የምትጠይቀው ግን አልመጣላትም፤ ይህ ደግሞ በዕድሜዋ ደርሶባት አያውቅም።

ከጠረጴዛው ትንሽ እንደራቁ አባቷ ቆም አለ። ጥግ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያት ሴት ቆማለች።

«ያችን ሱሪ እያት» አለ። «ሁለቱም ጉልበት አልቋል። ተጥፎ፣ መጣፊያውም አልቋል። ምን ብትሠራ ነው?»

የሙያ ነገር ሆኖበት ራሱ ቀድሞ ሄደ። ልጅቱ ተከትላ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«ትናንት?» አለች ሴትዮዋ። «የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክኬ ዋልኩ። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነኝ። ፓምፑን አጥፍተን ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ በየደቂቃው እንለካዋለን። ከሥር ምን ያህል ውሃ እንዳለ የምናውቀው ከአመላለሱ ነው።»

«ሳታዩት?»

«ሳናየው።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከዝናብ። አንዳንዱ አያቶችሽ ሳይወለዱ የዘነበ ነው።»

ከዚህ በኋላ ማን ያቁማት። ውሃው እዚያ ምን ያደርጋል፣ ይሄዳል ወይስ ይተኛል፣ ድንጋዩ እንዴት ያሳልፈዋል፤ አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ መጣ። ሴትዮዋም ጠያቂ አግኝታ አታውቅም መሰለኝ፣ ቁጭ በይ ብላ ወንበር ሳበችላት። የጉድጓድ ውሃ የምትለካበትን፣ በመዘውር የተጠቀለለ ረጅም ሜትር አውጥታ ጫፉን የምትጠጣበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረችው። ጫፉ ውሃውን ሲነካ ጢጥ አለ።

«ስንት ሜትር ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሦስት መቶ።»

ሰውየው የራሱን ከኪሱ አወጣው፤ አንድ ሜትር ተኩል ናት። አየት አድርጎ መልሶ ከተታት።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል መምህሯ ቅጽ ያላስረከበ እንዲቀርብ ተናገሩ። መርማሪዋ መውጫው በር ጋ ወዳለው ጠረጴዛ ሄዳ ብዕር አነሳች። አባቷ አጠገቧ ቆሟል። ፈራች። ፍርሃቷ ሲበረታ የምታውቀውን አደረገች፤ ጠየቀች።

«አባዬ፣ አንተስ ትናንት ከሰዓት ምን ሠራህ?»

ኮት አሳጠርኩ ቢላት ማን ይከሰዋል። እሱ ግን ወለሉን እያየ፣ «ጋወን ቆረጥኩ» አላት።

«የማን?»

«ያንቺን። የሐኪም ጋወን።»

«ሳትለካኝ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ‘አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ’ እያለ ሠራተኞቹን ያሰለቸ ሰው ነው።

«ሳልለካሽ» አለ፤ አፈረ።

አንጀቷን በላት። ሕክምና ብላ ልትጽፍለት ብዕሩን አስጠጋች። አባቷ መዳፉን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረገ።

«ሐኪሟን ስንት ጥያቄ ጠየቅሻት?»

«አንድ።»

«የውሃዋንስ?»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። ሠላሳ ስድስት። በይ ጻፊ።»

ጻፈች።

ሱቁ ሲደርሱ ገና አልመሸም። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነጩ ጨርቅ እጅጌው ለብቻ፣ ደረቱ ለብቻ ሆኖ ተዘርግቷል፤ የጠመኔው ምልክት እንኳ አልጠፋም። አባቷ ለረጅም ጊዜ አየው። ከፍቶታል፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። እሷም እንደ ደንበኛ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ቆመሽ አይደለም» አላት። «ተንበርከኪ።»

ተንበረከከች። እሱም አጠገቧ ተንበርክኮ ጉልበቷን ከላይ እስከ ታች ለካ።

«ለሥራ ሱሪሽ ነው። ጋወኑ ገበር ይሆናል» አለ። «ጉልበቱ ላይ ከውስጥ ነው የሚገባው፤ ከውጭ አይታይም።»

ደጋግሞ ለካ። እስከ አሥር ሲቆጥር ሰማችው፤ ከዚያ ተነስቶ መቀሱን አነሳ።