አጭር ቀን ያላዩ አይጦች

ሙከራው ተበላሽቷል። የመብራቱ ሰዓት ሲያጥርባቸው ብርዱ የገባ መስሏቸው የአይጦቹ ቆለጥ ሟሽሾ መገኘት ነበረበት። አንዱም አልሟሸሸም። ሁሉም ዛሬውኑ ለመዳር የተዘጋጁ ናቸው።

ጥፋቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ጨለማው ክፍል ውስጥ የምንሠራበት፣ አይጦቹ ብርሃኑን የማያዩት ቀይ አምፖል ተቃጥሎ ኖሮ፣ አይጦቹን የሚመግቡት ጋሼ ነጭ አምፖል ገዝተው በቀይ ፌስታል ጠቅልለውታል። ፌስታሉ በአንድ ጎኑ ቀልጧል።

«ቀይ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ለእርስዎ ነዋ። እነሱ በጨለማው መሀል ትንሽ ነጭ ብርሃን ካዩ ቀኑ ረዥም ነው ብለው ያምናሉ።»

«እንዲህ የሚታለል ፍጥረት ተማምነሽ ነው ዲግሪ የምትጠብቂው?»

አልሳቅኩም። ሙከራው ሲያልቅ ባሌ ጋ ልገባ ነበር። እሱ ሌላ ከተማ ድልድይ ይሠራል፤ ከተጋባን ወዲህ አብረን የኖርነው እንደ እንግዳ ነው። አማካሪዬ ደግሞ «እንደገና ጀምሪ» ብላኛለች።

በምሳ ሰዓት እንደ ወትሮው ደወለ። ነገርኩት።

«እሺ፣ ምን ይደረግ» አለ። «በርቺ። ችለነው የለ?»

ድምፁን ስሰማ ረጋ አልኩ። መርጋቴ አናደደኝ። ነገሩን ከአይጦቹ አውቀዋለሁ፦ አንጎል ያዛል፣ ቆለጥ ሆርሞን ይልካል፣ አንጎል ሆርሞኑ ሲደርሰው «በቃ» ብሎ ማዘዙን ይቀንሳል። ቀኑ ሲያጥር ግን በጠብታ ይረካል፤ በጠብታ ተሸንግሎ ቤቱን ሁሉ ይዘጋል። እኔም በዚህች የምሳ ሰዓት ወሬ እየረካሁ ስንት ጊዜ ትኬት ሳልቆርጥ ቀርቻለሁ።

«አለሽ?» አለኝ።

«ሸሚዝህ ምን ምን ይላል?»

«ሲሚንቶ ነዋ። ምነው?»

ያን ሲሚንቶ አንገቱ ሥር ካሸተትኩት ቆየሁ።

«ራት እንዳትበላ። መጣሁ» ብዬ ዘጋሁት።

መጋዘን ገብቼ ትክክለኛውን ቀይ አምፖል አውጥቼ ለጋሼ ሰጠኋቸው።

«ቆለጣቸው እስኪሟሽሽ ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ምግብና ጨለማ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ እኔን አይፈልጉም።»

«አማካሪሽስ?»

«ስደርስ እደውልላታለሁ።»

«ሰውየሽን አሞታል እንዴ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

«ያለእኔ ደህና መሆኑ።»

ጋሼ አምፖሉን በመዳፋቸው እንደያዙ አዩኝ። ጋውኔን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ወጥቼ በሩን ዘጋሁት።