ቦራ የሚቆምባቸው በሮች

ያለምወርቅ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ይህን ለፈረሷ የነገረው ግን የለም።

ቦራ ግንባሩ ነጭ፣ ሆዱ ሰፊ ፈረስ ነው። በሕይወት ሳለች ማክሰኞና ቅዳሜ ድንች ትጭንበትና ከመንደራቸው ወደ ኮሶበር ገበያ ትወጣ ነበር። የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል፤ በየበሩ ትቆማለቻ! በአዊኛ የጀመረችውን ጨዋታ በአማርኛ ትጨርሰዋለች፤ ሰው ሳታስቅ ንቅንቅ አትልም። ታናሽ ወንድሟ ምንይችል ደግሞ ሰላምታ ሽሽት በማሳ መሀል ዞሮ የሚሄድ ልጅ ነው።

“አንተ፣ ይሄን ሰላምታህን ለማን ልታወርሰው ነው የምትቆጥበው?” ትለው ነበር።

ጥር ሲገባ አባታቸው አቶ አድማሴ ቁርጡን ተናገሩ።

“የጊዮርጊስ ዕለት ከፈረሰኞቹ ጋር ተሰልፈህ፣ ሳታሳፍረኝ የበዓሉ ሜዳ ከደረስክ ፈረሱ ይቀመጣል። አለዚያ የዳንግላው ፈረስ ነጋዴ አየነው ገዝቶ ይወስደዋል። ቆሞ የሚበላ ፈረስ አልቀልብም።”

“እሺ አባባ” አለ ምንይችል። ሊል የፈለገው ሌላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ገብስ ሲያቀርብለት ቦራ ቀና ብሎ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግሮ በሩን ያያል። ያን ጊዜ ሁለቱም እሷን የሚጠብቁ ይመስለዋል። ፈረሱ ከሄደ ከማን ጋር ሊጠብቅ ነው?

የጊዮርጊስ ዕለት ሠላሳ ያህል ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ግላስ አልብሰው፣ አስጊጠው በገበያው መንገድ ተነሡ። አቶ አድማሴ በበቅሏቸው ከፊት ናቸው። አየነውም ፈረሱን በዓይኑ ሊመዝን ከዳንግላ መጥቶ ከጎናቸው ይጋልባል።

እማማ ደብሪቱ በር ላይ ሲደርሱ ቦራ ቀጥ አለ። ምንይችል በእርካቡ ጎሸመው፣ ልጓሙን ሳበው፤ ፈረሱ ግን አልሰማውም። ከኋላ የነበረው ጎረቤታቸው ሀብቱ ሊጋጨው ለጥቂት ተረፈ።

“ኧረ ንዳው!”

እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። “ቦራዬ! መጣህልኝ?” ወደ ፈረሰኞቹም ዞር አሉ። “ያለም እዚችው ቆማ ከጆንያው አንዱን ድንች ትመዝዝና ‘ይሄ የባልዎን አፍንጫ አይመስልም?’ ትለኝ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ እውነቷን ነው፤ ቁርጥ እሱን!”

ፈረሰኞቹ ሳቁ። ሳቁን ሲሰማ ቦራ ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ በገዛ ፈቃዱ መንገዱን ቀጠለ። አቶ አድማሴ ዞር ብለው አዩ፤ አልሳቁም።

ሁለተኛው የጎሚስታው የስንታየሁ በር ነበር። ስንታየሁ ቀደም ብሎ ወደ ሜዳው ስለሄደ በሩ ተዘግቷል። ቦራ ግን ቆመ።

“ይሄ በጅራፍ የሚታረም ነገር ነው” አለ አየነው ለአቶ አድማሴ። “ዳንግላ ይግባልኝ እንጂ በሁለት ሳምንት አስተወዋለሁ።”

ምንይችል ጆሮው ጋለ። እህቱ እዚህ በር ላይ ምን ትል እንደነበር ያውቃል፤ ከኋላው ደግሞ ሠላሳ ሰው አለ።

“ስንታየሁ... እንዴት አደርክ?” አለ ለተዘጋው በር፣ በሹክሹክታ።

የቦራ አንድ ጆሮ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

“ጮክ በል እንጂ!” አለ ሀብቱ። “ሳንቃ እኮ ነው፣ በቀላሉ አይሰማም!”

ምንይችል ዓይኑን ጨፈነ።

“ስንታየሁ! አንተ ሚስማር ዘርተህ ጎማ የምታጭድ ገበሬ! ዘንድሮ አዝመራው እንዴት ነው?”

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ፤ አንዱ ፈረሰኛ ከኮርቻው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ቦራ ተንቀሳቀሰ። ምንይችል ዓይኑን ሲገልጥ ራሱም እየሳቀ ነበር። በእሱ አፍ የወጣው የእሷ ንግግር ነው፤ ድምፁ እንኳ እንደ እሷ መጨረሻው ላይ ቀጠን ብሎበታል።

አቶ አድማሴ በቅሏቸውን አዘግይተው ከጎኑ ሆኑ።

“ስንት በር ቀረ?”

“አንድ፤ የእትዬ ሙሉነሽ አረቄ ቤት።”

“እዚያስ ምን ትል ነበር?”

“እሱን እንኳ እርስዎ ባይሰሙት ይሻላል፣ አባባ።”

“ለምን?”

“ስለ እርስዎ ነው።”

አቶ አድማሴ በቅሏቸውን ይበልጥ አስጠጉ። “ጮክ ብለህ በለው” አሉ። “ልስማት።”

አረቄ ቤቱ በር ላይ ቦራ እንደ ልማዱ ቆመ። ሰልፈኛው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ምንይችል አየር ሳበ።

“እትዬ ሙሉነሽ! አባባ አረቄ ትቻለሁ ብለዋል! ትናንት ስንት መለኪያ ተዉ?”

“አራት!” አለች ሙሉነሽ ከጓዳ፣ ማን እንደጠየቃት እንኳ ሳታይ።

አቶ አድማሴ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ሳቃቸው ጋብ ሲል ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ወደ አየነው ዞሩ።

“በል ወንድሜ፣ ሌላ ፈረስ ፈልግ። ይሄ የቤቴን ገመና ሁሉ የሚያውቅ ነው፤ ዳንግላ ድረስ አልሰደውም።”