ማራገቢያው ዝም ሲል

ሸጋ የምትባለው ሚስቴ መኪናዬን አትወዳትም። ይህን እንጅባራ መናኸሪያ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሷም አትደብቀውም። በሰው ፊት «ጣውንቴ» ነው የምትላት። መኪናዬ ላንድሮቨር ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ከእንጅባራ ድንች ጭኜ ወደ ቻግኒ ቆላ እወርዳለሁ፤ ከቻግኒ ደግሞ ማንጎና በርበሬ ከነባለቤቶቹ ጭኜ ወደ ደጋው እመለሳለሁ። ሸጋ ጋቢና ከጎኔ ትቀመጣለች፤ ሂሳብ ትሰበስባለች፤ የራሷንም ድንች ትነግዳለች። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ኖረናል።

መውረዱ ምንም አይደል። ጉዱ መውጣቱ ላይ ነው። ዳገቱ መሀል ስንደርስ ላንድሮቨሬ ትፈላለች። እንፋሎቱ በኮፈኑ ግራና ቀኝ ይወጣል፤ እኔ መኪናዋንም ዳገቱንም ዳገቱን ያበጀውንም እየሰደብኩ ጀሪካን ይዤ እሮጣለሁ። ከዚህ የተነሳ የእኔ ተሳፋሪ ከታሪፉ ሌላ በሃይላንድ ውሃ ይዞ መሳፈር ልማዱ ሆኗል። ማንም አላዘዘውም። አዲስ ሰው ባዶ እጁን ሲመጣ ነባሮቹ «ውሃህስ?» ይሉታል። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ካለፈው ፋሲካ በኋላ ሸጋ ቆረጠች። አሮጌ መኪና እየገዛ ዕቃውን እየነቀለ የሚሸጥ ይሄይስ የሚባል ሰው አለ። ቤታችን ድረስ መጥቶ ላንድሮቨሬን ዙሪያዋን ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ዋጋውን ጠርቶ ሄደ።

«ሽጥለት» አለችኝ ሸጋ።

«ይህ ሰው ሊያርዳት እኮ ነው!»

«ትታረዳ! እኔን ስንት ዘመን አርዳኛለች።»

ምን እንዳደረገቻት አልገባኝም፤ አልጠየቅኋትምም። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በመጨረሻ አንድ ዕድል ሰጠችኝ። መሳፍንት የሚባል የዳንግላ መካኒክ «ለእሷ መድኃኒት አለኝ» ብሎኝ ነበር። እሱ ይሥራት፤ ከዚያ ሙሉ ጭነት ይዛ፣ ሸጋም ጋቢና ተቀምጣ እያየች፣ ከቻግኒ እንጅባራ ሳትቆም ከወጣች የእኔ ናት። ዳገቱ ላይ ከቆመች ግን፣ ለምንም ይሁን ለምን ከቆመች፣ የይሄይስ ናት። «ለምንም ይሁን ለምን» የሚለውን የጨመረችው ሸጋ ናት፤ ሰበብ እንደማላጣ ታውቃለች። እጅ መትተን ተስማማን፤ ወሬው በማግስቱ መናኸሪያውን ሞላው።

መኪናዋን ይዘን ሁለታችንም ዳንግላ ሄድን። መሳፍንት እጁ ሲሠራ አፉም አብሮ የሚሠራ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ትልቁን የብረት ማራገቢያ በመፍቻ ጠቆመኝ።

«ጋሼ አዝመራው፣ ይቺን ያዩአታል? በቺንጋ፣ በዚህች የጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር ታስራለች። ሞተሩ ሲፈጥን ትፈጥናለች፤ ሲያዘግም ታዘግማለች። ዳገት ላይ ተጭነው ሲንፏቀቁ፣ ንፋስ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ እሷ ደክማለች። ደጋ ላይ ደግሞ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ማንም ሳይፈልጋት ስትጮህ ትውላለች።»

«ጩኸቱ የሞተሩ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ የእሷ ነው!»

አላመንኩትም። ያን ጩኸት የመኪናዬ ድምፅ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር። ማራገቢያውን ፈትቶ መሬት ሲያስቀምጠው ጥርሷን የነቀለብኝ ያህል አንገበገበኝ። በምትኩ ከተገለበጠች ትንሽ የቤት መኪና የተነቀሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎች አመጣ፤ የፕላስቲክ ናቸው፤ ለመጫወቻም የሚበቁ አልመሰሉኝም። ራዲያተሩን አውርዶ አጠበው፤ ከውስጡ የወጣው ዝቃጭ የቡና አተላ ይመስል ነበር። ዲናሞዋንም በትልቅ ቀየራት፤ አሮጌዋ ከመብራት በላይ አትችልም አለኝ። በመጨረሻ አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ነገር ራዲያተሩ ጎን ላይ ሰካ።

«አለቃቸው ይቺ ናት» አለ። «ውሃው ሲሞቅ ታስነሳቸዋለች፤ ሲበርድ ታስቆማቸዋለች።»

«ማን ይነግራታል?»

«ማንም። ራሷ ታውቃለች።»

ሳቅሁበት። ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶ ሲሞክራቸው ደግሞ ይባስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ከፊት የያዘው የጋዜጣ ቁራጭ በርሮ ፊቴ ላይ ተለጠፈ፤ ያን ቀን ሸጋ የሳቀችው እዚያች ላይ ብቻ ነው። መሳፍንት ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረ። አሁን ወረቀቱ ያለ ሙጫ ፍርግርጉ ላይ ተጣበቀ። «እንዲህ ነው መሳብ» አለ።

ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ኮፈኑን ከፍተን ቆምን። ማራገቢያዎቹ ቀጥ ብለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ የሚሽከረከር ብረት ነበር የማየው፤ አሁን ሁሉም ነገር ረጭ ብሎ ሞተሩ ብቻ ይመታል። የሞተች መስሎኝ መከላከያዋን በእጄ ዳበስኩ። ትተነፍሳለች። ውሃው ይሞቃል፤ እኛ እንጠብቃለን፤ ሸጋ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማለች። ድንገት ከውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አለ። ማንም ሳይነካቸው ሁለቱም ባንዴ ተነሡ።

አማተብኩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እናንተም ብትሆኑ ታማትቡ ነበር። ትንሽ ነፍሰው ነፍሰው፣ ደግሞ ማንም ሳያዛቸው ቆሙ።

«እንደገና» አልኩት መሳፍንትን።

«እንደገና ለማለት ውሃው መሞቅ አለበት ጋሼ።»

«ይሙቃ!»

ቆሜ ጠበቅሁ። ጠቅ አለች። ጌታዬ፣ አንዲት ነሐስ ሙቀትና ብርድን ለይታ ታውቃለች! እኔ ያን ያህል ዘመን ነድቼ መኪናዬ መታመሟን የማውቀው እንፋሎቷ ፊቴ ላይ ሲመጣ ነበር።

የፈተናው ቀን የቻግኒ ገበያ ነበር፤ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ሸጋ ድንቿን ይዛ በዋዜማው በሌላ መኪና ወርዳለች፤ እኔም ስወርድ ከሙቀት መለኪያዋ በቀር ልብ ያልኩት ነገር የለም። ማንጎው ተጫነ፤ በርበሬው ተጫነ፤ ሰው ከኋላ ግጥም አለ። ከነባሮቹ አንዱ፣ አወቀ የሚባል ሽማግሌ፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ታቅፎ መጣ።

«ምነው ሁለት?» አልኩት።

«ኤሌክትሪክ ውሃ ጥም ይበዛበታል ሲሉ ሰማሁ» አለና ሰውን አሳቀብኝ።

ሸጋ ጋቢና ገባች። ዓይኗን የሙቀት መለኪያዋ ላይ ተከለች። እኔም እዚያው ነኝ፤ እግዚአብሔር ጠብቆን እንጂ መንገዱን የሚያይ አልነበረም። ዳገቱ ተጀመረ፤ ማርሽ ቀነስኩ። ቀስቷ ከመሀል ተነሥታ ወደ ቀዩ ትሄድ ጀመር። ይሄይስ ኮፈኗን ለብቻ፣ በሮቿን ለብቻ ሲደረድራቸው በዓይኔ መጣ። ቀስቷ ወጣች፤ አሁንም ወጣች።

ጠቅ።

ማራገቢያዎቹ ተነሡ። ጩኸት አይደለም፤ እፍ የሚል ድምፅ ነው። ቀስቷ ቆመች። ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰች። ሁልጊዜ ከምንቆምበት ዋርካ ስንደርስ ከኋላ ያሉት ከልማድ የተነሳ ጠርሙሳቸውን ይዘው ሊወርዱ ተዘጋጅተው ነበር፤ አለፍነው። አንዲት ሴት እልል አለች። ያን ዋርካ ሳልቆም ሳልፈው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከዋርካው ማዶ መንገድ መኖሩም የገረመኝ ይመስለኛል።

ከፍ እያልን ስንሄድ የደጋው ንፋስ መጣ። ጠቅ አለና ማራገቢያዎቹ ቆሙ።

ያን ጊዜ ጸጥታው ወደቀ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሞተሩ ሥራው ላይ ነው፤ ግን ልቡ ሲመታ አንድ በአንድ ይሰማል። ጎማው አስፋልቱን ሲልስ ይሰማል። ከኋላ አንድ ሰው ሲያስል፣ ማንጎ ከማንጎ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። የገዛ መኪናዬ ውስጥ እንግዳ ሆንኩ። ከዚያ በቀኝ ጆሮዬ በኩል፣ በጣም ቅርብ፣ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ደክሞህ እንደሆን አረፍ እንበል። እኔ አልቸኩልም።»

ሸጋ ናት። ወደ ፊት እያየች ነው የምትናገረው። ዳገት ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሁሌም በዓይኔ ጥግ አይ ነበር፤ እኔንም መኪናዬንም እየረገመች ነው ብዬ ፊቴን አላዞርም ነበር።

«ምን አልሽ?»

መቃብር ያናገራት ይመስል ደንግጣ ዞረች።

«ምን አልክ?»

«ምን አልሽ ነው የምልሽ።»

«ሁሌ የምለውን ነዋ።»

«ሁሌ?»

«እዚህ ስንደርስ ሁሌ እልሃለሁ። አንተም ራስህን ትነቀንቅና ትነዳለህ።»

ራሴን የሚነቀንቀው መንገዱ ነው። «ሸጋ፣ ማርያምን አልሰማሁሽም ነበር። አንድ ቃል አልሰማሁም። ያ ማራገቢያ…»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ሜላትን ማርገዜንስ?» አለችኝ።

ሜላት ልጃችን ናት፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ለማንም ሳልናገር መጀመሪያ ለአንተ የነገርኩህ እዚህ ዳገት ላይ ነው። ስንት ቀን አፌ ላይ ይዤው፣ ቤት ሰው አይጠፋም ብዬ፣ መንገድ ላይ ነገርኩህ። ማርሽ ቀየርክ።»

«ማርሽ?»

«ማርሽ ቀየርክ፤ ነዳህ። ከወር በኋላ ከእናትህ ሰምተህ ግቢው መሀል ስትጨፍር በመስኮት አየሁህ። ከእኔ አፍ ሲወጣ ማርሽ፣ ከእናቱ አፍ ሲወጣ እስክስታ አልኩ በልቤ። ይችን መኪና የጠላኋት ያን ቀን ነው።»

ያን ቀን በደስታ እንዳበድኩ አስታውሳለሁ፤ እሷ ለምን ፊቷን እንዳጠቆረች ግን እስከ ዛሬ አይገባኝም ነበር፤ የእርግዝና ነው ብለውኝ ተውኩት። ይህን ሁሉ ዘመን ከጎኔ ተቀምጣ ታወራኝ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዘመን እንደሰማሁና እንደናቅኋት አምና፣ እንደገና ታወራኝ ኖሯል።

ፍሬን ያዝኩ።

ላንድሮቨሬ ዳገቱ ላይ ቆመች። ቀስቷ መሀል ላይ ናት፤ አንዲት እንፋሎት የለም። ከኋላ «ፈላች!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ሰው ጠርሙሱን ይዞ ግር ብሎ ወረደ። ሽማግሌው አወቀ ሁለቱን ሃይላንድ ከፍቶ ኮፈኑ ፊት ቆመና የሚያፈስበት አጣ። እኔ ዞሬ የሸጋን በር ከፈትኩ።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ያን ቀን የነገርሽኝን።»

«አብደሃል? ልጅቷ እኮ ካንተ በላይ ሆናለች።»

«ንገሪኝ።»

ሰዉን አየች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ጥርት አድርጋ፣ «አርግዣለሁ» አለችኝ።

ሰማሁ። አስፋልቱ መሀል፣ በዚህ ጉልበቴ፣ እስክስታዬን አስነካሁት። ሰዉ «መኪናውን ሲያጣ አእምሮውንም አጣ» ብሎ በድንጋጤ ያየኛል። ሽማግሌው ነገሩ ሳይገባው ውሃውን አስቀምጦ አጨበጨበልኝ። ሸጋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትስቅ ታልቅስ አላወቅሁም፤ ትንፋሽ አጥሮኝ መከላከያው ላይ ተደገፍኩ።

«ቆምክ እኮ» አለችኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ቆምኩ።»

«ለምንም ይሁን ለምን ብለናል።»

«ብለናል። ነገ ይሄይስን ጥሪው።»

ይህን ያልኩት ከልቤ ነው። ሸጋ ኮፈኑን አየችው። በንፋሱ ውስጥ ሞተሩ አንድ በአንድ ይመታል።

«ለይሄይስ እኔ እነግረዋለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ገና ወሬ መጀመራችን ነው እለዋለሁ። አሁን ግባና ንዳ።»