ሳይጠይቅ የቆረጠው ሞተር ሳይክል

በያጁ የመኪናውን ንድፍ ወረቀት ላይ አልሣለውም። የሥራ ቤቱን የሲሚንቶ ወለል ጠርጎና አጥቦ እስኪደርቅ ጠበቀና በጠመኔ፣ በትክክለኛ መጠኑ፣ መሬት ላይ አሰፈረው። ከፊት ሁለት ጎማ፣ ከኋላ አንድ ጎማ፣ መሃል ላይ ጎን ለጎን ሁለት መቀመጫ። ከዚያ እናቱን ደግፎ አመጣና ንድፉ ላይ ወንበር አኑሮ አስቀመጣቸው።

«እስቲ እግርሽን ዘርጊው እማዬ።»

«ይኸው ዘረጋሁት። እንዴ፣ ገና ሳትሠራው አሳፈርከኝ?»

«ልኩን ልይዝ ነዋ። እንደ አውቶቡስ ደረጃ የለውም። በሩን ከፍቶ ዝም ብሎ ቁጭ ማለት ነው።»

«ወደ ኋላስ ይሄዳል?»

«የሞተር ሳይክል ሞተር ነው የምገጥምለት፤ የኋላ ማርሽ የለውም።»

«ይሁን ግድ የለም፤ እኔስ መች ወደ ኋላ መሄድ እችላለሁ» አሉና ጉልበታቸውን እያሹ ሳቁ።

ይህ ሁሉ የመጣው በዚያ ጉልበት ነው። ባለፈው ሐኪም ቤት ሲሄዱ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግራቸውን ሰቅለው ሌላው አልነሣ አላቸው። ረዳቱ ከላይ በብብታቸው፣ ተሳፋሪው ከታች በወገባቸው ይዘው እንደ ጆንያ ወደ ውስጥ ወረወሯቸው። ሰው ሁሉ እያየ ቀሚሳቸው ተገልቦ ነበር። ቤት ሲመለሱ «ከእንግዲህ ብሞትም እዚሁ ልሙት፤ ሐኪም ቤት አልሄድም» ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ። በያጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣ። በር ሲበይድም፣ አጥር ሲበይድም ሐሳቡ መኪናው ላይ ነው። ጋራዥ ጥግ ከወደቀች ትንሽ መኪና የፊት ጎማዎቿንና መሪዋን ፈትቶ አመጣ። የቀረው ሞተሩ ነበር።

ሞተሩ ደግሞ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው። ታናሽ ወንድሙ ታሞ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የሟቹ ሞተር ሳይክል ሚስቱ ከምትኖርበት ከጓሮው ክፍል ጀርባ፣ ሸራ ለብሶ ቆሟል። እሷ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰው ሳይነቃ በእግሯ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ዱቄት በዱቄት ሆና ትመለሳለች።

«ለልጄ ነግረሃታል?» አሉት እናቱ ከወንበሩ ሳይነሡ።

«እነግራታለሁ።»

«ትነግራታለህ ወይስ ትጠይቃታለህ?»

«እጠይቃታለሁ አልኩሽ እኮ እማዬ።»

አልጠየቃትም። ማታ ማታ በሯ ድረስ ይሄድና እጁን ለማንኳኳት አንሥቶ ይመለሳል። ሐዘኗን እንዳልቀሰቅስባት ነው እያለ ራሱን ይሸነግላል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ እምቢ ብትለውስ? እምቢ ካለችው ንድፉ ወለሉ ላይ ሊቀር ነው። ያልጠየቁት ሰው ደግሞ እምቢ አይልም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ሸራውን ገፎ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ወደ ሥራ ቤቱ ወሰደው። መንገድ ላይ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች ነበሩ። ከዓመት በላይ የቆመ ጎማ መተንፈስ ነበረበት፤ አልተነፈሰም። ካቴናው በዘይት ይወዛል። ሲያዘነብለው ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን ተንቦጫቦጨ። አየ፣ ሰማ፣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሚፈልገው ከአንገቱ ወደ ኋላ ያለውን ነበር፤ ሞተሩን፣ ካቴናውንና የኋላውን ጎማ። ስለዚህ የመቁረጫ ማሽኑን አስነሥቶ የብረት አፅሙን፣ ሻሲውን፣ መሪው የሚሰካበት አንገት ላይ ለሁለት ከፈለው።

ከሰዓት በኋላ እሷ ራሷ መጣች። ከጎኗ የሰፈሩ ፖስተኛ የራስ ቁሩን በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል። በያጁ ሮጦ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ጋሼ፣ ሞተሩን የወሰድከው አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ… ላየው ብዬ… ፍሬኑን ምኑን ላስተካክልልሽ ብዬ ነው።» ቃሉ ከአፉ አምልጦ ወጣ።

ፊቷ በአንዴ በራ። «ማን ነገረህ? እኔ እኮ ለማንም አልተናገርኩም!»

«ምኑን?»

«አትደብቀኝ፤ አውቀህ ነው እንጂ! እሱ ነው ሲያስተምረኝ የከረመው» አለች ወደ ፖስተኛው እያመለከተች። «እሁድ እሁድ፣ አንተ ሳትኖር፣ በዚሁ ሞተር ሜዳው ላይ። ስንቴ ወደቅሁ መሰለህ! ዓርብ ዕለት ፈተናውን አልፌ መንጃ ፈቃዴን ተቀበልኩ። ከእንግዲህ በዚያ ጨለማ ውሻ እያባረረኝ በእግሬ አልሄድም። እኔ ደግሞ ትስቅብኛለህ ብዬ ስሸሽህ ነበር።» ጎንበስ ብላ ትከሻውን ሳመችው። «ወንድሜ ነህ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሲያልቅ እጠራሻለሁ» አላት በያጁ። ሲሄዱ ከጀርባቸው ቆሞ አየ፤ ፖስተኛው አንድ ነገር ተናገረና እሷ እየሳቀች ገፋችው። በያጁ ወንድሙ ካረፈ ወዲህ ሳቋን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሸራውን የሐዘን ሸራ፣ ሞተር ሳይክሉን የሙት ዕቃ፣ እሷንም እንደዚያው አድርጎ ነበር የቆጠራት።

በማግስቱ ሌላ ሻሲ ፍለጋ ጋራዥ ለጋራዥ ዞረ። የድሮ ሥሪት ስለሆነ የትም የለም። ተመልሶ ሁለቱን ቁራጭ ገጣጠመና በየደው። በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ በይዶ አያውቅም። ሞርዶ አለሳልሶ ጥቁር ቀለም ሲቀባው የተቆረጠበት ቦታ ለራሱም ጠፋው። ለደንበኞቹ ግን ሁልጊዜ የሚለውን ያውቃል፦ አንገቱ የተበየደ ሞተር ላይ ጠላቴም አይቀመጥ። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ድንገት ፍሬን ሲያዝ፣ ከዚያች መስመር ላይ ይለቃል። ሊለቅ ይችላል። ላይለቅም ይችላል። በዚህች «ላይለቅም» ላይ ተንጠልጥሎ እህል ሳይቀምስ ዋለ።

ልትወስደው ስትመጣ የራስ ቁር አድርጋ ነበር። «አዲስ አስመሰልከው እኮ!» ብላ ተፈናጠጠችና አስነሣችው። ቀጥ ብላ፣ ክርኗን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከሥራ ቤቱ ፊት ያለውን ሜዳ አንዴ ዞረች። ጎበዝ ነበረች። ሁለተኛ ዞራ ወደ አስፋልቱ ስታቀና ያ ሁሉ አፍኖ የያዘው ነገር በአንዴ አመለጠው፤ ሮጦ ፊቷ ተገተረ።

«ውረጂ!»

«ምነው ጋሼ?»

«ውረጂ ስልሽ! ቆርጬዋለሁ። አንገቱን ቆርጬ ነው የበየድኩት።»

ሞተሩን አጠፋች። ሁሉንም ነገራት፤ መኪናውን፣ ንድፉን፣ በሯ ላይ ቆሞ ሳያንኳኳ መመለሱን። እያወራ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«ያን ቀን ትከሻህን ስስምህ ተቆርጦ ነበር?»

«ተቆርጦ ነበር።»

«እያወቅክ አስመሰገንከኝ?»

የራስ ቁሯን አውልቃ ሞተር ሳይክሉ ላይ ሰቀለችውና በእግሯ ሄደች።

ቤት ሲገባ እናቱ ሰምተው ጠበቁት። «በኔ ጉልበት አመካኝተህ!» አሉት። «ይኼ ጉልበት ይቆረጥ! እኔ በሷ ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሐኪም ቤት ልሄድልህ?» ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን ሲመልሱለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው። እሷም ግቢ ውስጥ ስትገናኘው «እንደምን አደርክ» ከማለት አትቦዝንም፤ «ጋሼ» የምትለው ግን ቀረ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ጠዋት ጠዋት በጨለማ የግቢው በር ሲንሿጠጥ ይነቃል፤ እርምጃዋ እስኪጠፋ ያዳምጣል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ንድፉን በእርጥብ ጨርቅ ሊያጠፋ በርከክ ብሎ ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እሷ ናት። ዱቄቷን እንኳ አላራገፈችም። ወለሉን ቁልቁል እያየች ዞረችው።

«መሪው በየት በኩል ነው?»

«በዚህ… በግራ።»

«ማን ሊነዳው ነበር?»

«እኔ።»

«እኔ ነኝ የምነዳው» አለች። «ጠዋት ጠዋት ለሥራዬ ነው። እማዬን ቀጠሮዋ ቀን አደርሳታለሁ። አንተ መምጣት ካማረህ አውቶቡስ አለልህ።»

«ሥራዬን ሁሉ ትቼ እሠራልሻለሁ። እባክሽ ግን ይቅር…»

«ይቅርታውን አሁን አታምጣብኝ። አሁን ብትጠይቀኝ አልሰጥህም፤ መኪናውን ሥራው።»

ሠራው። የተበየደውን አንገት ዳግመኛ ቆርጦ ጣለና ከኋለኛው ግማሽ ጋር ወፍራም የብረት ቱቦ አያያዘ። መቀመጫውን በሷ ልክ አደረገው፤ ፔዳሉ አልደርስ ቢላት ሦስት ጊዜ ፈታው። ሐሳቧን የምትነግረው ባጭሩ ነው፤ «በሩ ሰፋ ይበል»፣ «ከኋላ ለዳቦ ሣጥን ቦታ ተው»። እሱም «እሺ» ይላል። የተሽከርካሪ መርማሪው ሥሩ ተንጋሎ ገብቶ ብየዳውን አንድ በአንድ እየደበደበ ፈተሸና አለፈላቸው። በያጁ መርማሪው አንድ ነገር ባገኘብኝ ብሎ የተመኘበት ቅጽበት ነበር፤ ቢያንስ የሚቀጣው ሰው ያገኝ ነበራ።

የእናቱ ቀጠሮ ቀን ጠዋት በሩን ከፍታ እጃቸውን ያዘችና ዝቅ ብለው ቁጭ አሉ። ማንም አላነሣቸውም፣ ማንም አልገፋቸውም። ቀሚሳቸውን በጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ቀና አሉ። «ቀስ ብለሽ ንጂ ልጄ፤ ጎረቤት ሁሉ ይየኝ» ሲሉ ሰማቸው። መኪናዋ እየተንጣጣች ከግቢው ወጣች።

እሱ በአውቶቡስ ሄደ። ሲደርስ ሁለቱ ሐኪም ቤቱ በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተራ እየጠበቁ ነበር። እናቱ አዩት። እሱ ፊት ለፊታቸው ቆመ። እሷ የመኪናውን ቁልፍ ከአጠገቧ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ቦታ ለቅቃ ትንሽ ወደ እናቱ ጠጋ አለች። አልጠራችውም፣ ዞራም አላየችውም።

ቦታው ጠባብ ነበር። ትከሻዋን እንዳይነካት ተጠንቅቆ ጫፉ ላይ ተቀመጠ።