ነጭ ሽንኩርቱ እስኪደርስ

«በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ!»

የልጅቷ አክስት ሾርባውን ይዛ ወንድሟ ፊት ቆማለች። እሱ እቴ! ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ ከውሃ በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም። ሴት ልጁ በሩን ተደግፋ ታየዋለች። ያ ልቡ አንዴ ከድቶት ያውቃል፤ ክኒኑንም ሐኪሙ «በባዶ ሆድ እንዳትወስደው» ብሎታል። የእናቷ አፈር ሳይደርቅ አባቷን ልታጣ ነው፤ ጭንቋ ይኸው ነው።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መንገድ ዳር ያገኘውን ጮማ ጨው እየነሰነሰ ሲበላ የኖረ ሰው። እናቷ ደግሞ ሥራዋ እጽዋት ለልብና ለደም ሥር የሚያደርጉትን መመርመር ነበር። ባሏ ደረቱን ይዞ መሪው ላይ የተደፋ ጊዜ «ክኒኑ የሐኪሙ፣ ድስቱ የኔ!» ብላ ተነሣች። ምስሩ፣ ቀይ ሥሩ፣ ጎመኑ፣ የተፈጨው ተልባ ቤቱን ወረረው።

«ፍየል አደረግሽኝ እኮ!» ይላት ነበር ሹፌሩ።

«ፍየል ደረቱን ይዞ ሲወድቅ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳሎን ውስጥ የእናቷ የላቦራቶሪ ባልደረባ ለጎረቤቶች ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። «ስንት ዓመት የለፋንበት የነጭ ሽንኩርት ጥናት ሲያልቅ፣ ደም ግፊት የሚቀንሰው በትንሹ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እሷ ግን ‹ትንሽ ነው፣ ግን እውነት ነው። ሰው ክኒኑን ጥሎ ሽንኩርት እንዳያኝክ፣ ትንሽነቱን ጮክ ብለን እንናገር› አለች።»

ወይ እናቷ! የልጅቷ ደረት በኩራት ሞላ፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

አክስቷ ተስፋ ሳትቆርጥ ሾርባውን ላጣፍጠው ብላ ወጥ ቤት ገባች። ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቀችና ወዲያው በጋለው ዘይት ላይ ልትጨምረው እጇን አነሣች።

«ተዪው!»

አባቷ ነበር። ከመቼው ተነሥቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ እንደደረሰ ማንም አላየውም።

«ሳይቆይ እሳት አይነካውም! የሚጠቅመው ነገር የሚፈጠረው ከተጨፈለቀ በኋላ ነው፤ ፋታ ካልሰጡት እሳቱ ያስቀረዋል። እሷ ብታይሽ ጉድሽ ይፈላ ነበር።»

አክስቷ ደንግጣ የሾርባውን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች። ልጅቷ ግን ገባት። እናቷ ሽንኩርቱን ከጨፈለቀች በኋላ ቢላዋዋን አስቀምጣ ከባሏ ፊት ለፊት ትቀመጥ ነበር። እስኪደርስ ያወራሉ፣ ይበሻሸቃሉ፣ ይስቃሉ። ቀኑን ሙሉ ሥራ የነጠቃቸውን ጨዋታ እዚያች ላይ ያካክሱታል። ልጅ ሆና «ምን እየጠበቃችሁ ነው?» ስትላቸው «ሽንኩርቱን!» ይሏት ነበር።

አባቷ ምድጃውን አጠፋ። ሽንኩርቱን ወደ ጎን አድርጎ የለመደው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ያለችውን ባዶ ወንበር አየት አደረገና ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ወንበሯን በእግሩ ወደ ልጁ ገፋ አደረጋት።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። እስኪደርስ አጫውቺኝ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። አባቷ እጁን ዘርግቶ ማንኪያውን ከእህቱ ተቀበለ።