በልብ ግድግዳ ላይ የሌለ ቀዳዳ

ቀዶ ጠጋኙ ጎሰን የሟቹን ደረት ከከፈተ ወዲህ ቀና ብሎ ማንንም አላየም። ጥር ነበር፤ ውጭ ቦዩ በረዶ ሆኗል። ሬሳ እየተቀደደ ለሰው በሚታይበት ክብ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ረድፍ ሙሉ ሰው ካፖርቱን ደርቦ ቁልቁል ጠረጴዛውን ያያል። ከፍ ባለው ወንበር ላይ ዶክተር ካስፓሩስ መጽሐፉን ዘርግቶ ያነባል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ዶክተሩ ያነባል፣ ቀዶ ጠጋኙ ይቆርጣል። ዶክተሩ ወርዶ እጁን ደም አስነክቶ አያውቅም።

«ደሙም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው በግድግዳው ቀዳዳዎች በኩል ያልፋል» ብሎ አነበበ። «ጎሰን፣ ቀዳዳዎቹን አሳይ።»

ጎሰን ቀጭኑን የብር ዘንግ አነሳ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ዘንግ ግድግዳውን ዳብሷል፤ አንድም ቀን ቀዳዳ አላገኘም። ሁልጊዜም ጣቱን አጠንክሮ ሥጋውን ይበሳና ጫፉን በሌላው በኩል ብቅ ያደርጋል፤ ሰውም ያጨበጭባል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሌንደርት በቀዶ ጠጋኞች ማኅበር ፊት ተፈተነ። ሌንደርት ሰባት ዓመት በጎሰን የፂም መላጫና የቀዶ ጥገና ሱቅ የሠራ፣ የጎሰንን ልጅ ኔልቸን ያጨ ሰው ነው። የበሬ ልብ ሰጡት። ዘንጉን ይዞ ብዙ ቆየና «ቀዳዳ የለም፤ ደሙ በሳንባ ዞሮ ነው ወደ ግራ የሚመጣው» አለ። ዶክተሩ ስቆ ከፈተናው ጣለው። ጎሰን ከፈታኞቹ አንዱ ሆኖ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ አፉን አልከፈተም። ያለ ማኅበሩ የፈቃድ ደብዳቤ ሱቅ መክፈት ስለማይቻል፣ ሌንደርት በሚያዝያ በመርከብ ወደ ምሥራቅ ሊሄድ ተመዘገበ። ወደዚያ ባሕር ከሚሄዱት የሚመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ኔልቸም ለአባቷ ሾርባውን ፊቱ ታስቀምጥለታለች እንጂ ቃል አትመልስለትም።

«አልሰማኸኝም እንዴ? ቀዳዳዎቹን!» አለ ዶክተሩ ከፍ ካለው ወንበር።

«የሉም» አለ ጎሰን።

«መነጽር ስጡት!» አለ አንዱ ከላይ፤ አዳራሹ ሳቀ።

«እጅህን በርዶህ ነው» አለ ዶክተሩ።

«እጄ ደህና ነው። አሉ ካሉ ይውረዱና ያሳዩኝ። ደረጃው አራት ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዶክተሩ መጽሐፉን በጥፊ መታው። «ፂም ላጭ! ፂም ላጭ ሆነህ መጽሐፍ ልታርም?»

«አዎ፣ ፂም እላጫለሁ። እኔ ግን ማንንም ሳልገድል ነው የምላጨው።»

ጎሰን ከዕቃ መያዣው ውኃ የሞላውና ቧንቧ የተገጠመለት የአሳማ ፊኛ አወጣ።

«እሱ የቂጥ ማጠቢያ አይደለም እንዴ?» አለ ያው ሰው ከላይ።

«ነው። ዛሬ ከወንበሩ የተሻለ ይናገራል።»

ከልቡ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ትልቁን የደም ሥር በክር አጥብቆ አሰረ። ግራውን ክፍል ሰነጠቀ። ከዚያ ፊኛውን ጨምቆ ውኃውን በቀኙ ክፍል አስገባ። ቀኙ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደረሰ።

«አለቃ ቴውኒስ፣ ጣትዎን በግራው ይክተቱ።»

ፊት ረድፍ የቆመው የማኅበሩ አለቃ፣ ሽማግሌ ቀዶ ጠጋኝ ነው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ጣቱን ከተተ። «ደረቅ ነው።»

ጎሰን ክሩን ፈታና እንደገና ጨመቀ። ሳንባው ቀስ እያለ ተነሳ። ጥቂት ቆይቶ ቀላ ያለ ውኃ ከግራው ስንጥቅ ፈልቆ የአለቃውን እጅጌ አራሰው።

«ከሰውነት የተመለሰው ደም በቀኝ ይገባል» አለ ጎሰን፤ ድምፁ ወደ ጩኸት ተለወጠ። «ቀኙ ወደ ሳንባ ይገፋዋል፤ ከሳንባ ወደ ግራ ይመጣል፤ ግራው እስከ እግር ጣት ይልከዋል፤ ዞሮ ይመለሳል! ሌንደርት ያለው ይህን ነው! ይህን ስላለ ነው የጣላችሁት!»

«ሰው ሲሞት ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ» አለ ዶክተሩ። «በሕይወት ላለ ሰው ግን ክፍት ናቸው።»

አለቃው ወደ ላይ አየ። «ታዲያ በየዓመቱ ሬሳ ላይ ያሳዩን ቀዳዳ ከየት የመጣ ነው?»

ዶክተሩ መጽሐፉን ማገላበጥ ጀመረ። መልሱ ጎሰን ዘንድ ነበር።

«ከእኔ» አለ። «በዘንጉ እየበሳሁ ነው።»

የአለቃው ፊት ደም መሰለ። «አንተ ውሸታም! በገዛ እጅህ ስትበሳ ኖረህ፣ አልበሳም ያለውን ሰው ጣልክ? ሌንደርት ደብዳቤውን ነገ ይውሰድ። አንተ ከእንግዲህ ፈታኝ አይደለህም፤ ይህን ጠረጴዛም አትነካውም። ውጣ!»

ጎሰን እጁን ሳይታጠብ ወጣ። ሌንደርት ከላይኛው ረድፍ ወርዶ በሩ ላይ ደረሰበት።

«እንኳን ደስ አለህ» አለው ጎሰን።

«ጋሼ ጎሰን፣ እኔን የጣሉኝ ቀን ቀዳዳ እንደሌለ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሌንደርት ባርኔጣውን በእጁ ጨመደደው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኔልቸ ጋር ስጨቃጨቅ የከረምኩት ለእርስዎ ነው። ‹አባትሽ አያውቅም፤ መጽሐፉን አምኖ ነው፤ አትፍረጂበት› እያልኩ።»

«ሌንደርት…»

«ተዉኝ! አሁን ሄጄ ሁሉንም ልንገራት።»

ባርኔጣውን ደፍቶ በቦዩ ዳር ወደ ጎሰን ቤት ገሰገሰ። ጎሰን ካፖርቱን ሳይለብስ፣ እጁ እንደረጠበ በሩ ላይ ቆመ። ቢሮጥ ይደርስበት ነበር። አልሮጠም።